ለአዲስ አበባ ሰማይ የትኛው ኮምፒውተራይዝድ የቴሌስኮፕ ማውንት? አንድ ጥያቄና 23 ምላሾች

ጠያቂው አዲስ አበባ የሚኖር የሰማይ ወዳጅ ነው። 80 ሚሊ ሜትር ስፋትና 480 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያላት፣ 3 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ባለሌንስ ቴሌስኮፕ አለችው፤ ወደፊት ባለ 8 ኢንች ሊጨምር ያስባል። አሁን የሚፈልገው ማውንት ነው፤ ቴሌስኮፑን የሚሸከም፣ የተባለውን ኮከብ ራሱ ፈልጎ የሚያገኝና ሰማዩ ሲዞር አብሮ የሚዞር። ማየትም ፎቶ ማንሳትም ይፈልጋል። ሦስት አማራጮች አቅርቧል፦ ባለ አንድ ክንዱን ኔክስስታር 8 ኤስኢ፣ የሴሌስትሮን ኤቪኤክስ እና የስካይዎቸር ኢኪው6-አር። ከዋሽንግተን አካባቢ ለገና የሚመጣ ዘመድ ዕቃውን 23 ኪሎ በሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ሊያደርስለት ተስማምቷል። ልቡ ያዘነበለው ወደ ኢኪው6-አር ነው፤ ምክንያቱ 20 ኪሎ ስለሚሸከም፣ ብዙ የሚሸከም ደግሞ ይሻላል ብሎ ስለሚያምን ነው።

ምላሾቹን በቅደም ተከተላቸው አቀርባለሁ። ከሁሉም በፊት መነሳት የነበረበት ጉዳይ ብቅ ያለው በ3ኛው ላይ ነው።

ምላሽ 1 ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ በትህትና ይጀምራል። መጀመሪያ ዓላማህን ለይ ይለዋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ወደላይና ወደጎን የሚዞረው አልት-አዚሙዝ ይበቃል፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይተከላል። ለፎቶ ግን ዋናው ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ ሰማዩ ወደሚዞርበት ነጥብ፣ የሚያመለክተው ኢኳቶሪያል ያስፈልጋል፤ በአልት-አዚሙዝ ፎቶ የማይታሰብ ነው ይላል። ፋብሪካው የጻፈው የመሸከም አቅም ለማየት እንጂ ለፎቶ እንዳልሆነም ያስታውሳል። ለፎቶ ከአቅሙ ከ50 እስከ 60 በመቶ አትለፍ። 13.6 ኪሎ ይሸከማል የተባለው ኤቪኤክስ ለፎቶ ሲሆን 7 ወይም 8 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ለ80 ሚሊ ሜትሯ ከነካሜራዋ ግን ይተርፋል።

ምላሽ 2 የሚጽፈው ከዚያው ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። ኢኪው6-አርን ያለማንገራገር ይመክራል፦ ቺንጋ ያለው ሞተር፣ ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)። አተካከሉንም ቀላል ያደርገዋል። በዋልታ መነጽሩ ውስጥ የሰሜን ኮከብን አይቶ፣ በክቡ ላይ ቦታዋን አስይዞ፣ በአምስት ደቂቃ ተጨረሰ ነው የሚለው።

ምላሽ 3 ጨዋ ቢሆንም ምሕረት የለውም። ዋሽንግተን በ39 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ በ9። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የምትቆመው በቦታው ኬክሮስ ልክ ነው፤ ከትክክለኛው ዋልታ ደግሞ 38 የዲግሪ ደቂቃ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው) ያህል ስለምትርቅ ከአዲስ አበባ ስትታይ ከፍታዋ በ8.4 እና በ9.6 ዲግሪ መካከል ይዋልላል። ያ ከፍታ የጎረቤት ፎቅ፣ የባሕር ዛፍ መስመር ወይም የእንጦጦ ተራራ የሚሸፍነው ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ እያንዳንዱ ኢኳቶሪያል ማውንት ዘንጉን ዝቅ ማድረግ የሚችልበት ወሰን አለው። ኢኪው6-አር ከ10 እስከ 65 ዲግሪ ነው የሚሠራው። ኤቪኤክስ ከ7 እስከ 77። የአይኦፕትሮን ሲኢኤም26 ከ0 እስከ 60። የዜድደብሊውኦ ኤኤም5 ከ0 እስከ 90። ስለዚህ ጠያቂው የመረጠው ማውንት፣ ትራይፖዱ ተስተካክሎ ሲቆም፣ ለአዲስ አበባ አንድ ዲግሪ ይጎድለዋል። የመሸከም አቅም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሻጮች በመግለጫቸው ታች በትንሹ የሚጽፉትን ይህን መስመር መጀመሪያ አንብቡ ብሎ ያበቃል።

በእኔ ግምት ከውይይቱ ሁሉ የሚበልጠው ምላሽ ይህ ነው።

ምላሽ 4 አጭር ነው። ያመሰግንና የከተሞቹን ኬክሮስ ይጨምራል፦ መቀሌ 13.5፣ ጎንደር 12.6፣ ባሕር ዳር 11.6፣ ጅማ 7.7፣ ሐዋሳ 7.05፣ አርባ ምንጭ 6። ኢኪው6-አር ለባሕር ዳርና ከዚያ ወደ ሰሜን ላሉት ይሆናል። ኤቪኤክስ በሐዋሳ ጠርዝ ላይ ነው፤ አርባ ምንጭ አይደርስም።

ምላሽ 5 የ3ኛውን ምላሽ ቁጥሮች ተቀብሎ ድምዳሜውን አይቀበልም። ኢኳቶሪያል ማውንት በውሃ ልክ መቆም ግዴታው አይደለም፤ ዘንጉ ወደ ዋልታው ካመለከተ ትራይፖዱ ቢያዘነብል ችግር የለውም። አንዱ እግር ወደ ሰሜን ይሁን፤ ከዚያ እግር እስከ ሁለቱ የኋላ እግሮች መስመር ያለው ርቀት 85 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የሰሜኑን እግር 1.5 ሳንቲ ሜትር ማሳጠር ዘንጉን 1 ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል። የጎደለችው አንድ ዲግሪ ተገኘች፤ ኢኪው6-አርን ይግዛ።

ምላሽ 6 ላይ ድምፁ ይቀየራል። 5ኛው ሒሳብ ሠራ እንጂ ማውንቱን በ9 ዲግሪ ላይ ቆሞ በዓይነ ሕሊናው አላየውም ይላል። በ39 ዲግሪ ዘንጉ ወደላይ ቀና ያለ ነው፤ ሸክሙ በትራይፖዱ መሐል ላይ ያርፋል። በ9 ዲግሪ ግን ዘንጉ የተኛ ያህል ነው፤ ቴሌስኮፑም ሚዛን መጠበቂያው ክብደትም የሚንጠለጠሉት በሰሜናዊ ጫፉ ነው፣ ማለትም ከመሐል ወጣ ብለው በባዶ ላይ። ማውንቱ ሲነሳ በሚቆምበት መነሻ ቦታ ላይ፣ እንዲሁም በምሥራቅና በምዕራብ ዝቅ ያሉ ነገሮችን ሲያይ፣ የክብደቱ ዘንግ ቁልቁል ይወርዳል። 5ኛው አንዱን እግር ወደ ሰሜን አድርግ ስላለ፣ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያው እግር ላይ ነው። ሞተሩ ይገፋል፣ ክብደቱ እግሩን ይደገፋል፣ ሞተሩ እርምጃ ይስታል፤ ማውንቱ ግን መሳቱን አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ኮከብ ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ይሆናል። 17.3 ኪሎ በሚመዝን ራስ ላይ ይህን የሚመክር ሰው ኃላፊነት አይሰማውም ወይ ብሎ ይዘጋል።

ምላሽ 7 የ5ኛው ጸሐፊ ነው፤ ተቆጥቷል። ኃላፊነት የለህም መባሉን አይቀበልም። ያም ሆኖ ስለ እግሩ የተነገረው እውነት መሆኑን አምኖ ምክሩን ያርማል፦ ሁለቱ እግሮች ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይሁን። ያን ጊዜ ክብደቱ በሁለቱ መካከል ይወዛወዛል። የማዘንበሉ ሒሳብ ያው ነው፤ የሰሜኑን በማሳጠር ፈንታ የደቡቡ እግር 1.5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። 6ኛው መፍትሔውን እያወቀ ስድቡን ብቻ አስቀደመ ሲልም ይወቅሰዋል።

ሁለቱንም ያረጋጋቸው ምላሽ 8 ነው፤ በጥሞና የተጻፈ ነው። ሁለቱ እግሮች ወደ ሰሜን ይሁኑ የተባለውን ይደግፍና ዋጋው ምን እንደሆነ ያሳያል። በ5ኛው ልክ በተዘረጋ ትራይፖድ፣ አንድ እግር ወደ ሰሜን ሲሆን ከመሐል እስከ እግሩ ጫፍ 57 ሳንቲ ሜትር አለ። ሁለቱ ወደ ሰሜን ሲሆኑ ግን ከመሐል እስከ መደገፊያው መስመር የሚቀረው 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ሸክሙም ወደዚያው ወደ ሰሜን ነው የሚያደላው። ስለዚህ እግሮቹ እስከመጨረሻው ይዘርጉ፣ ቁመታቸው አይርዘም፣ ከደቡብ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ይንጠልጠል። ትራይፖዱ ላይ የሰሜንን አቅጣጫ የሚይዘው ጉጥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እግር ትክክል ላይ ነው የተተከለው፤ በአንዳንዶቹ ተፈትቶ ወደ ሌላ ቀዳዳ ይዛወራል፣ ከመግዛት በፊት ይህን ማረጋገጥ ነው። ሌላው መፍትሔ በትራይፖዱና በማውንቱ መካከል የሚገባ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ማስረዘሚያ ምሰሶ ነው፤ ክብደቱን ከእግሮቹ ያርቀዋል። ከዘንጉ ጫፍ አንድ ክብደት ከመስቀል ሁለቱን ወደላይ አስጠግቶ ማሰርም ያግዛል። ከፍታ የሚያስተካክሉትን ሁለት ብሎኖች በተመለከተ፦ አንዱን ሳያላሉ ሌላውን ማጥበቅ ብሎኑን ያጣምመዋል። ዘንጉ ዝቅ ሲል ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው በአንደኛው ላይ ነውና፣ ራሱን በእጅ ደግፎ፣ ግማሽ ዙር ማላላት፣ ግማሽ ዙር ማጥበቅ ይገባል።

ምላሽ 9 ወደ ሻንጣው ይሄዳል። የኢኪው6-አር ራስ 17.3 ኪሎ፣ ትራይፖዱ 7.5፣ ሁለቱ ክብደቶች 10፤ በድምሩ ወደ 35 ኪሎ ነው። የኤቪኤክስ ራስ 7.7፣ ትራይፖዱ 8.2፣ ክብደቱ 5። የትራይፖድ ርዝመት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። ክብደቱን ግን ማንም ከባሕር ማዶ መሸከም የለበትም፤ ቶርኖ ቤት ይሠራል። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድፍን ክብ ብረት በ5.8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጦ መሐሉን መብሳት ነው፤ 5 ኪሎ ይሆናል። ከጎኑ ተበስቶ ጥርስ ይወጣለትና ማጥበቂያ ብሎን ይገባበታል። ብሎኑ ዘንጉን እንዳይጭር ጫፉ ላይ ቁራጭ ናስ ወይም ፕላስቲክ ይደረግ። በዘንጉ ጫፍ ያለችው መከላከያ ብሎንና ሮንዴላ ደግሞ ፈጽሞ አትረሳ፤ ክብደቱ ቢያመልጥ እግር ላይ ከመውደቅ የምታድነው እሷ ናት።

ምላሽ 10 ስለ ባትሪ ነው፤ ረጅም ነው፣ ርዝመቱም ተገቢ ነው። ማውንት በ12 ቮልት ይሠራል። ሲከታተል 1 አምፒር ገደማ፣ ሲሮጥ ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ለማየት ብቻ ለሆነ አምስት ሰዓት 12 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በቂ ነው። ፎቶ ሲጨመር የሚቀዘቅዝ ካሜራ 2፣ ትንሽ ኮምፒውተር 1፣ ጤዛ መከላከያ ማሞቂያ 1፣ ከማውንቱ ጋር በድምሩ 5 አምፒር ይሆናል፤ በስምንት ሰዓት 40 አምፒር-ሰዓት። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና 80 ያህሉ መገዛት አለበት፤ ሊቲየም ፎስፌት ከሆነ 50 ይበቃል። ይህን ባትሪ ግን ዘመድ በአውሮፕላን አያመጣውም። ለመንገደኛ ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ 160 ነው፤ 160 ማለት በ12.8 ቮልት 12.5 አምፒር-ሰዓት ብቻ ነው። ትልቁ እዚሁ ከሶላር ዕቃ ሻጮች ይገዛ። ቀጥሎ ሽቦውን ያነሳል፤ ብዙ ሰው ማውንቱ ተበላሸ ብሎ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ስለሆነ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነውና፣ በ4 አምፒር ወደ 0.9 ቮልት ይበላል። ባለ 2.5 ሲሆን 0.3 አይሞላም። በቀጭኑ ሽቦ ላይ ማውንቱ ቆሞ ሲከታተል ደህና ነው፤ ሁለቱም ሞተሮች አብረው ሲሮጡ ቮልቱ ይወርድና የእጅ መቆጣጠሪያው ይጠፋል ወይም ሞተሩ አልመለሰልኝም የሚል መልእክት ያወጣል። የስካይዎቸር ማውንቶች ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ቮልቱ እያነሰ ነው። የመኪና ሲጋራ መለኮሻ ሶኬት በመነቅነቅ ስለሚለቅ አይታመንም፤ በብሎን የሚታሰር ይሻላል።

ምላሽ 11 ጀማሪ ነው። ይህ ሁሉ ከብዶት፣ ርካሹ አልት-አዚሙዝ ቢሆንስ፣ 1ኛው የማይታሰብ ያለው እውነት ነው ወይ ሲል ይጠይቃል።

ምላሽ 12 1ኛውን ያርማል፤ እርማቱም በቁጥር ነው። አልት-አዚሙዝ ኮከቡን መሐል ላይ ይዞት ይቆያል፤ ምስሉ ግን በመሐሉ ዙሪያ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ የሚወሰነው በኬክሮስ፣ በአቅጣጫና በከፍታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በ45 ዲግሪ ከፍታ ሲታይ በሰከንድ 21 የዲግሪ ሰከንድ ይሆናል። በጠያቂው ቴሌስኮፕና ፒክስሉ 3.76 ማይክሮ ሜትር በሆነ ባለ 26 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ የ30 ሰከንድ ፎቶ ጥግ ላይ ያለ ኮከብ ወደ 11 ፒክስል ይጎተታል፤ በ10 ሰከንድ 4 ያህል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእኛ ኬክሮስ ኮከቦች ከአድማስ ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት፤ ከትክክለኛው ምሥራቅ 10 ዲግሪ ብቻ በራቀ አቅጣጫ፣ በዚያው ከፍታ፣ 30 ሰከንዱ የሚጎትተው 2 ፒክስል ነው። ስለዚህ 5 ኪሎ የሚሸከመውና ራሱ 1.3 ኪሎ የሚመዝነው ኤዜድ-ጂቲአይ የተባለ አልት-አዚሙዝ፣ አጫጭር ፎቶ እየደረበ፣ ከምሥራቅ እየጀመረ ለሚሠራ ሰው የሚናቅ አይደለም። 1ኛው ተመልሶ አመሰገነ፤ ይህ 13ኛው ምላሽ ነው፣ ሁለት መስመር።

ምላሽ 14 ስለ ኔክስስታር 8 ኤስኢ ማንም ያላሰበውን ያነሳል። ባለ አንድ ክንድ ማውንት ላይ ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲቀና ኋላው ወደ መሠረቱ ይወርዳል፤ ካሜራ ወይም ረጅም ዕቃ ከተገጠመበት ይጋጫል። ለዚህ ሲባል በመቆጣጠሪያው ውስጥ የከፍታ ገደብ አለ፤ ሰዎች 65 ወይም 70 ዲግሪ ላይ ያስሩታል። በሰሜን አውሮፓ ያለ ሰው በዚህ ብዙ አያጣም፤ ፕላኔቶች ለእሱ ዝቅ ያሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ግን ፕላኔቶች ሰሜን–ደቡብ መስመርን ሲያቋርጡ ሁልጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ በ2025 መጨረሻ ጁፒተርም ሳተርንም 77 ያህል ዲግሪ ላይ ያልፉ ነበር። ገደቡን ያሰረ ሰው ፕላኔቱን በጣም ጥሩ በሚታይበት ሰዓት ያጣዋል። በዚያ ላይ አልት-አዚሙዝ ሁሉ ከአናት አጠገብ ሲደርስ ወደጎን በፍጥነት መዞር ስለሚኖርበት መከታተሉ ይናጋል። ጁፒተርን ገደቡ ላይ ሳይደርስ፣ በ50 እና 60 ዲግሪ መካከል ሳለ መቅረጽ ይመክራል።

ምላሽ 15 አልት-አዚሙዝ የልጆች መጫወቻ ነው ይላል፤ ምክንያት የለውም። ምላሽ 16 መልሶ ይገሥጸዋል፦ ሰው ዓቅሙን አይቶ ነው የሚገዛው፣ 12ኛው በቁጥር ያስረዳውን በቁጥር መልስ። 15ኛው አልተመለሰም።

ምላሽ 17 የጽሑፉ ቃና እንደ ታላቅ ወንድም ነው፤ እኔም ለጀማሪ ሁሉ አሳትሜ ብሰጠው ደስ ይለኛል። ማውንቱ ምንም ሳይበላሽ ከሰማዩ ተቃራኒ የሚዞርበት ትልቁ ምክንያት ሰዓቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን መቆጣጠሪያው የሚፈልገው 20:00 ነው። 02:00 ብሎ የጻፈ ሰው ሰማዩን በሩብ ዙር፣ በ90 ዲግሪ አዛብቶታል። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወር ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ኅዳር 20 ቀን 2018 ማለት 11/29/2025 ነው። ወሩንና ቀኑን ማቀያየር ቀኑ ከ12 በታች ሲሆን በስህተት መልእክት አይያዝም፤ ኖቬምበር 5ን 05/11 ብሎ ያስገባ ሰው ማውንቱን ግማሽ ዓመት ወደኋላ ይመልሰዋል። የሰዓት ክልሉ ፕላስ 3 ነው። ዴይላይት ሴቪንግ የሚለው አይ ይባላል፤ ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። በስካይዎቸር መቆጣጠሪያ ቦታ ሲሞላ ኬንትሮሱ ቀድሞ ይጠየቃል፣ የሚሞላውም በዲግሪና በደቂቃ ነው። ስልኩ 9.03 እና 38.74 ብሎ ሲያሳይ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው በ60 ይባዛል፤ 38 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ምሥራቅ፣ 9 ዲግሪ ከ02 ደቂቃ ሰሜን። 74 ደቂቃ የሚባል የለም። ኮከቡን በአይፒሱ (በዓይን በኩል ባለው ሌንስ) መሐል ሲያስገቡ ደግሞ የመጨረሻዋ ግፊት ሁልጊዜ በላይና በቀኝ ቁልፍ ትሁን፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ተገፍቶ ስለሚያልቅ ቀጥሎ የሚፈለገው ኮከብ ወደ መሐል ይቀርባል።

ምላሽ 18 የሰሜን ኮከብ ሳትታይ ዘንጉ እንዴት ወደ ዋልታው እንደሚቀና ያብራራል። ካሜራና ኮምፒውተር ላለው ቀላሉ የኒና ፕሮግራም ባለ ሦስት ነጥብ ዘዴ ነው። በየትኛውም የሰማይ ክፍል ሦስት ፎቶ ያነሳል፣ በመካከላቸው ዘንጉን ያዞራል፣ ስህተቱን ወደላይና ወደጎን ለይቶ ይናገራል፣ ብሎኖቹ ሲዞሩ ቁጥሩ ሲቀንስ ይታያል። ኮከቦቹን የሚለየው አስታፕ የተባለው ፕሮግራም ከነመረጃው ከቤት ሳይወጡ ይጫን፤ ሜዳ ላይ ኔትወርክ የለም። ካሜራ የሌለው የሴሌስትሮን ተጠቃሚ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን በአንድ ኮከብ የማቅናት ዘዴ ይጠቀም። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያዎች በሰማይ ወገብ አጠገብ፣ በሰሜን–ደቡብ መስመር ላይ ያለ ኮከብ ምረጥ ይላሉ፤ የሰማይ ወገብ ለእኛ 81 ዲግሪ ላይ፣ አናታችን ላይ ነው። አናት አጠገብ ባለ ኮከብ ላይ ማውንቱ ወደጎን ቢዞር ኮከቡ ከቦታው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ስህተቱ አይታረምም። ወደ ደቡብ ዝቅ ያለ ይመረጥ፦ ፎማልሃውት 51፣ አንታረስ 54፣ ካኖፐስ 28 ዲግሪ ላይ ያልፋሉ። ሁለቱም ለሌለው የቀደመው የመንሸራተት ዘዴ አለ። አናት አጠገብ በመስመሩ ላይ ያለ ኮከብ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል፤ በምሥራቅ 25 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለ ኮከብ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ዝቅ ብሏል።

ምላሽ 19 አንድ ነገር ይጨምራል፣ ትንሽም ይሞግታል። የሰሜን ኮከብን ቢያዩዋት እንኳ ባለችበት አይደለም የሚያዩዋት፤ በ9 ዲግሪ ከፍታ አየሩ ብርሃኗን አጥፎ 6 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ከፍ ያደርጋታል። በሻርፕካፕ ፕሮግራም ዘንጉን የሚያቀና ሰው የአየር እጥፋትን አስላ የሚለውን ምርጫ ያብራ። በሰሜን አገሮች ይህ ክርክር ያለበት ነው፤ እዚህ የምናያቸው ነገሮች ከፍ ያሉ ስለሆኑና በ60 ዲግሪ እጥፋቱ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ዘንጉ ወደ እውነተኛው ዋልታ መቅናት አለበት። የ6 ደቂቃ ስህተት ኮከብን በአንድ ደቂቃ 1.6 የዲግሪ ሰከንድ ያንሸራትታል፤ በጠያቂው ቴሌስኮፕ አንድ ፒክስል ነው። ለ30 ሰከንድ ፎቶ ግድ የለም፤ ለሦስት ደቂቃ ፎቶ ያለ ጋይዲንግ (በሁለተኛ ካሜራ ኮከብ እየተከተሉ ማውንቱን ማረም) ይጎዳል።

ምላሽ 20 ነገሩን ሁሉ በአንድ ዕቃ ለመጨረስ ኤኤም5ን ያቀርባል፦ 5 ኪሎ ይመዝናል፣ ያለ ክብደት 13 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 0 ዲግሪ ይወርዳል፣ በእጅ ሻንጣ ይገባል። የ6ኛው እና የ8ኛው ጭንቀት ሁሉ ይቀራል። ምላሽ 21 ጠንከር ብሎ ይመልሳል፤ ግማሹን እውነት ብቻ መናገር ጀማሪን መጉዳት ነው ይለዋል። ዋጋው ከኤቪኤክስ በብዙ ይበልጣል። የሚዞርበት የሞገድ ጥርስ በየዙሩ የሚያሳየው መዋለል ከጥሩ ትል ጥርስ (በኢኪው6-አርና በኤቪኤክስ ካለው) የበዛና ፈጣን ስለሆነ ያለ ጋይዲንግ ካሜራ ለፎቶ አይሆንም፤ የጋይዲንጉ ፎቶ ከ0.5 እስከ 1 ሰከንድ መሆን አለበት። ክብደት ሳይኖረው በ9 ዲግሪ ሲቆም ሸክሙ ሁሉ በሰሜኑ በኩል ነውና፣ ቀላል የካርቦን ትራይፖድ ላይ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ለእሱ አንድ እግር ወደ ሰሜን ይሁን፣ የሚጋጭ ክብደት የለውምና። ኮምፒውተር ለማገናኘት ለሚቸኩል ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ጣል ያደርጋል፦ በስካይዎቸር ማውንት ራስ ላይ ያለው ሶኬት በ5 ቮልት ነው የሚነጋገረው፤ ተራ ሲሪያል ገመድ እዚያ የሰካ ሰው ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል።

አንድ ሰው አቅጣጫ ለማሳየት አረንጓዴ ሌዘር ማውንቱ ላይ ስለማሰር ጠይቆ ነበር፤ 22ኛው ነው። አወያዩ እዚያው ላይ አርሞ መለሰለት፦ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኖች ወደ ቦሌ ዝቅ ብለው ነው የሚገቡት፣ ሌዘሩ የአብራሪውን ዓይን ይመታል፤ ተራ ቀይ ነጥብ መፈለጊያ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

23ኛው የጠያቂው ነው። ሁሉንም በየቁጥራቸው አመስግኖ ኤቪኤክስን መርጧል፤ ምክንያቶቹ 7 ዲግሪ መውረዱ፣ ራሱና ትራይፖዱ በድምሩ 16 ኪሎ አለመሙላታቸው፣ ለ8 ኢንቹም ለማየት መብቃቱ ናቸው። ክብደቱ ቶርኖ ቤት ይሠራል፣ 50 አምፒር-ሰዓት ባትሪ እዚሁ ይገዛል፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦም አዟል። የክብደቱን ቀዳዳ 18.5 ሚሊ ሜትር እንዲበሳለት ለሠራተኛው መንገሩን ጽፎ ነበር። ከሥሩ የ9ኛው ጸሐፊ ፈጥኖ ደረሰለት፦ 18 ሚሊ ሜትር የኢኪው6-አር ዘንግ ነው፣ የኤቪኤክስ 20 ነው፤ ዕቃው መጥቶ ዘንጉ በካሊፐር እስኪለካ ድረስ ቶርኖው ይቆይ።